በኢቨንት ሉፕ በሚሠራ የሲ ፕሮግራም ውስጥ ሰዓትን በትክክል እንዴት ማንበብ ይቻላል

ኮዬ ፈጬ እኛ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት። ተራ ገብቶ መንቃት ሲያደክመን፣ ውሃ ሲመጣ ፓምፑን አስነስቶ ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚያጠፋ ፕሮግራም በሲ ጻፍኩና ራዝቤሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ፕሮግራሙ በኢቨንት ሉፕ ይሠራል፤ ማለትም እየዞረ ክስተት ይጠብቃል፣ ክስተቱ ሲደርስ ለእሱ የተመደበውን ፈንክሽን (ኮልባክ) ይጠራል። ሉፑ ሊብዩቪ ከሚባለው ላይብረሪ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ። «ስንት ሰዓት ነው?» ሌላ፣ «ስንት ደቂቃ አለፈ?» ሌላ። ለመጀመሪያው ክሎክ_ጌትታይም የሚባለውን ፈንክሽን በክሎክ_ሪልታይም ጥሩት፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. መግቢያ ወዲህ ያለፈውን ሰከንድና ናኖሰከንድ ይሰጣችኋል። ለሁለተኛው ክሎክ_ሞኖቶኒክን ተጠቀሙ፤ ሰዓቱን ማንም ቢያስተካክለው አይዘልም፣ ወደኋላም አይመለስም።

እኔ ለሁለቱም የመጀመሪያውን ተጠቀምኩ። የእኔ ፓይ በባትሪ የሚቆጥር የራሱ ሰዓት የለውም። አንድ ሌሊት መብራት ለአራት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ሲመለስ፣ ፓዩ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ሰዓት ይዞ ተነሳ፤ ፓምፑንም አስነሳ። ትንሽ ቆይቶ ዋይፋይ ሲገባ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ተስተካክሎ አራት ሰዓት ወደፊት ዘለለ። ፕሮግራሙ «40 ደቂቃው አልፏል» ብሎ ፓምፑን አጠፋው። ጠዋት የሮቶውን ክዳን ስከፍት ውሃው ስንዝር አይሞላም። የዚያን ሳምንት ውሃ እናቴ በጀሪካን ከጎረቤት ቀዳች። የጊዜ ርዝመት የምትለኩ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ በሪልታይም አትለኩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ሊብዩቪ በየዙሩ መጀመሪያ ሰዓቱን አንዴ አንብቦ ያስቀምጣል። ዩቪ_ናው የሚመልስላችሁ ይህንኑ የተቀመጠ ቁጥር ነው፣ በሚሊሰከንድ። ሊብኢቪ የሚባለው ሌላ የኢቨንት ሉፕ ላይብረሪም በኢቪ_ናው የተቀመጠ ሰዓት ይመልሳል። በአንድ ዙር የሚጠሩ ኮልባኮች ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ማየታቸው ጥሩ ነው፤ ኮልባኮቹ አጫጭር እስከሆኑ ድረስ።

በሮቶው ያለውን የውሃ ከፍታ የሚያነበው ኮልባኬ ግን 3 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። መጨረሻው ላይ የ5 ሰከንድ ታይመር አስነሳለሁ፤ ታይመሩ በ2 ሰከንድ ይደርሳል። ሰንሰሩን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ለካ ታይመሩ 5 ሰከንዱን የሚቆጥረው ኮልባኩ ከመጀመሩ በፊት ከተነበበው ሰዓት ነው! ታይመሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ዩቪ_አፕዴት_ታይምን ጥሩ፤ ይስተካከላል። ከመጥራታችሁ በፊትና በኋላ ዩቪ_ናውን አትማችሁ ልዩነቱን እዩት፤ ኮልባካችሁ ሉፑን ስንት ሚሊሰከንድ እንደያዘው ይነግራችኋል።

እውነተኛው መድኃኒት ግን ሉፑን አለመያዝ ነው። የሚዘገየውን ሥራ በዩቪ_ኪው_ወርክ ወደ ሌላ ትሬድ (ከሉፑ ጎን ለጎን ወደሚሠራ መስመር) አውጡት። ክሎክ_ጌትታይምን ደጋግሞ መጥራት ያከብዳል ብላችሁም አትስጉ፤ ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሳይገባ ስለሚመልስ ርካሽ ነው።

ለቤተሰብ በስክሪን በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር የምታሳዩት ከሆነ፣ በሎካልታይም_አር ከተገኘው ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ነው። 13 ብሎ የነበረው 7 ሰዓት ይሆናል። ይህ ለማሳያ ብቻ ነው፤ ፋይል ላይ የሚጻፈው ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይሁን።