እየተኖረበት የሚታደስ ወጥ ቤት፦ ከኤሌክትሪክ መስመር ቅየራ ጋር የሚመጡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ያላለቀ መስመርን ማታ ማብራት ነው። ባዶ ቤት ሲታደስ ዋናው ብሬከር ወርዶ ይከርማል። ሰው በሚኖርበት ቤት ግን ሲመሽ መብራት ያስፈልጋል፣ ፍሪጁም መሥራት አለበት፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብሬከሩን መልሶ ያነሳል። ያኔ ከግድግዳው ወጥቶ የቀረው ሽቦ ሁሉ ኃይል ያገኛል። ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሎ መሄድ ጥንቃቄ አይባልም፤ ናስትሮ አቧራና እርጥብ ልስን ላይ አይዝም፣ ልጅም ሊጎትተው ይችላል። ይህ በጭራሽ መደረግ የለበትም፣ መፍትሔውም የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። ማፍረስ ከመጀመሩ በፊት ኤሌክትሪሺያኑ የወጥ ቤቱን መስመሮች ብሬከሮቹ ካሉበት ፓኔል ያላቅቅ፦ ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ከብሬከሩ፣ ኒውትራሉን (የሚመልሰውን ሽቦ) ከማሰሪያው። ጫፎቹ ሞርሴቶ (በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ) ይግባላቸው፣ የየትኛው መስመር እንደሆኑም ይጻፍባቸው። ከዚያ ለፍሪጅና ለጊዜያዊ ማብሰያ ሌላ ክፍል ውስጥ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ በ16 አምፒር ብሬከርና 30 ሚሊአምፒር ሲያፈስ በሚቆርጥ መከላከያ አንድ መስመር ይዘርጋ። ዋናው ብሬከር ቢወርድም ከቆጣሪ የሚመጣው ገመድ ኃይል እንዳለው መሆኑ አይዘንጋ።

ብሬከሩ ስለወረደ ብቻ ሽቦ መንካትም ሰው ይገድላል። በአሮጌ ቤት የወጥ ቤቱ መብራት ኒውትራሉን ከሳሎን መስመር ተውሶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ኒውትራል ሲፈታ፣ የበራ አምፖል ካለ፣ ጫፉ እንደ ፌዝ ይነዝራል። በቴስተር ካቻቢቴ አትተማመኑ። መለኪያውን መጀመሪያ ኃይል ባለው ሶኬት ሞክሩ፤ ቀጥሎ ፌዝን ከኒውትራል፣ ፌዝን ከኧርዝ (ከመሬት ጋር ከተያያዘው ሽቦ)፣ ኒውትራልን ከኧርዝ ለኩ፤ በመጨረሻ መለኪያው አለመበላሸቱን በዚያው ሶኬት አረጋግጡ።

ሌላው ስህተት ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መተካት ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። 2.5 ሽቦ ላይ 32 አምፒር ብሬከር ካሰራችሁ፣ ብሬከሩ ዝም ብሎ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ10 አምፒር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ከ16 አምፒር ጋር የተለመደ ነው። 7,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ በ220 ቮልት ወደ 32 አምፒር ስለሚስብ ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የራሱ መስመር ይፈልጋል፤ ርቀቱ ከረዘመ ከዚያም ይወፍራል።

በአንድ ዲቫይደር ማብሰል ሌላው ነው። 2,000 ዋት የውሃ ማፍያና 2,000 ዋት ምድጃ አብረው ሲሠሩ 18 አምፒር ይስባሉ፤ ብዙው ዲቫይደር ይህን አይችልም። የተጠቀለለ ገመድ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ ይዘርጋ።

ሽቦ በሰያፍ አይቀበርም። ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሂድ፣ ምክንያቱም ካቢኔት ሰቃዩ ድሪሉን የሚያስገባው ከሶኬቱ ቀጥታ መስመር ውጪ ሽቦ አያልፍም ብሎ ገምቶ ነው። ከልስን በፊት ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ።

የካቢኔቱ ልክ ሳይወሰን ሶኬት አታስቀምጡ።

መጋጠሚያ ልስን ውስጥ አይቀበር፤ ክዳኑ የሚከፈት ስካቶላ (የሽቦ ማገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይሁን።

ግድግዳ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ይጎዳል፤ በሩን በፕላስቲክ አሽጉ፣ የሚቆረጠውንም አርጥቡ፤ ማስክ ከሌለ ሥራው አይጀመር።

ልስንና ሴራሚክ ከመግባቱ በፊት መስመሩን በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ) አስፈትሹ፤ ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ። ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ ሽፋኑ የተጎዳ ሽቦ አለ ማለት ነው፤ በአዲስ ሽቦ ላይ ንባቱ ከዚያ እጅግ መብለጥ ስላለበት ወደ 1 የተጠጋም ቢሆን ይመርመር። ያኔ ሽቦውን ከኮንዲውቱ (ከሚያልፍበት ቱቦ) ስቦ መቀየር ይቻላል፤ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ግን ግድግዳው እንደገና ሊፈርስ ይችላል።