ገናን ለልጅ ልጅ ማስተማር፦ ከኅዳር 15 እስከ ሌሊቱ ቅዳሴ

የዛሬ አራት ዓመት በገና ዋዜማ ምሽት ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ሶፋ ላይ አስቀምጬ የማቴዎስ ወንጌልን ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። «አብርሃም ይስሐቅን ወለደ፤ ይስሐቅም ያዕቆብን ወለደ» እያልኩ ዳዊት ጋ ሳልደርስ የሦስት ዓመቷ እንቅልፍ ወስዷታል። የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ጨዋ ልጅ ነውና እስከ ባቢሎን ምርኮ ድረስ ታገሠኝ። ከዚያ «አባባ፣ ኢየሱስ ራሱ የሚመጣው መቼ ነው?» አለኝ።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ የራሴን የልጅ ልጆች ማስተማር አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ እየወደቅሁ እየተነሣሁ የደረስኩበትን እነሆ። የምጽፈው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ነው፤ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ከሆናችሁ ጾሙንና ማኅሌቱን ትታችሁ ታሪኩንና ካርቶኑን ውሰዱ።

1. ከዋዜማው ሳይሆን ከኅዳር 15 ጀምሩ

የነቢያት ጾም የሚገባው ያን ቀን ነው። ነቢያቱ የክርስቶስን መምጣት ሲጠብቁ የጾሙትን እናስብበታለን። ልጅ «ተስፋ» የሚለው ቃል አይገባውም፤ መጠበቅን ግን ከማንኛችንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ የሚጠበቅ ነገር በዓይኑ ይይ። እኛ ቤት አንድ ባዶ የጫማ ካርቶን በጎኑ አስተኝተን ቡፌው ላይ እናስቀምጣለን። በረቱ እርሱ ነው። እስከ ልደት ድረስ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይገባበታል፤ ሕፃኑ ግን አይገባም። ባዶውን ግርግም በየቀኑ እያዩ «መቼ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። እናንተም የምትፈልጉት ይህን ጥያቄ ነው።

እንስሳቱንና ሰዎቹን ከጭቃ ይሥሯቸው። ተሠርቶ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ስብስብ አንድ ዓመት ገዝቼ ነበር፤ ያምራል፣ ልጆቹ ግን ሁለት ቀን ተጫውተውበት ረሱት። በገዛ እጁ ጠፍጥፎ የሠራትን፣ አንድ ጆሮዋ የወደቀ አህያ ልጅ አይረሳትም። ለግርግሙ ጭድ ፍለጋ አትድከሙ፤ ካለፈው በዓል የተረፈ የደረቀ ቄጤማ ይበቃል።

ጾሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። በእኛ ዘንድ ልጅ ወደ ጾም የሚገባው ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ነው፤ ያም ቢሆን በወላጆቹ ፈቃድና በአቅሙ ይሁን። አያት የልጆቹን ምሳ ዕቃ ባይፈትሽ ይመረጣል። ለምን እንደምል ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

2. የታኅሣሥን ሳምንታት ተጠቀሙባቸው

ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርቱን ከፋፍላ አስቀምጣልናለች፤ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያለው ሳምንት ስብከት፣ ከ14 ጀምሮ ያለው ብርሃን፣ ከ21 ጀምሮ ያለው ኖላዊ ይባላል። በስብከት ሳምንት ከሚክያስ ምዕራፍ 5 የቤተ ልሔምን ቃል ብቻ አነብላቸዋለሁ። በብርሃን ሳምንት መብራት አጥፍተን አንዲት ጧፍ እናበራለን፤ አንዳንድ ምሽት መብራቱ እኛ ሳንነካው ራሱ ስለሚጠፋ ትምህርቱ በነፃ ይመጣል። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው፤ የጭቃ በጎቹ ወደ ካርቶኑ የሚገቡት በዚህ ሳምንት ነው። መሐል ላይ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል አለ። የአናንያን፣ የአዛርያንና የሚሳኤልን ታሪክ ለልጅ ንገሩና እሳቱን በእጃችሁ አሳዩት፤ ሌላ ምንም አይጠበቅባችሁም።

3. ታሪኩን ንገሩ እንጂ አታንብቡ

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

መጀመሪያ በቃል ይነገራቸው፤ መጽሐፉ በመጨረሻ ይከፈት። ሉቃስ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 1 እስከ 20 በቂ ነው፤ ታሪኩን ቀድመው ካወቁት ሲነበብላቸው «አዎ፣ እሱ ነው!» እያሉ ያቋርጧችኋል። አቋርጡን ብላችሁ ፍቀዱላቸው።

በአንድ ምሽት አትጨርሱት። እኔ በአራት ምሽት እከፍለዋለሁ፦ የገብርኤል ብሥራት፣ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም የተደረገው ጉዞ፣ እረኞቹ፣ ሰብአ ሰገል። ጉዞውን ስነግራቸው አውግስጦስ ቄሣር ሕዝቡ ሁሉ እንዲቆጠር ማዘዙን እጀምርና «የእኛ ቤት ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ አገሩ ሄዶ ይመዝገብ ቢባል ማን ወዴት ይሄዳል?» እላቸዋለሁ። እኔ መንዝ፣ አያታቸው ጎጃም፣ እነርሱ እዚሁ አዲስ አበባ። ከዚያ «በእግር ነው» ስላቸው ዝም ይላሉ። ማርያም ፀንሳ ያን ሁሉ መንገድ መሄዷ የሚገባቸው ያኔ ነው።

እረኞቹን ስነግር መንዝን እጨምርበታለሁ። በልጅነቴ በግ ጠብቄአለሁ፤ የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ምን እንደሚመስል፣ ጅብ ሲጮኽ በጎቹ እንዴት እንደሚታፈጉ አውቃለሁ። ልጆቹም የእረኞቹን ፍርሃት የሚያምኑት የእኔን ሲሰሙ ነው። እናንተም ከሕይወታችሁ የምትጨምሩት አንድ ነገር አይጠፋም።

የተጻፈውንና በትውፊት የተቀበልነውን ለይታችሁ ንገሯቸው። ላምና አህያ ሕፃኑን በእስትንፋሳቸው አሟሟቁት ስንል ሉቃስ አልጻፈውም፤ የአባቶች ትውፊት ነው፣ ኢሳይያስም በምዕራፍ 1 በሬው ገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ ይላል። ሰብአ ሰገል ሦስት ነበሩ የምንለው ስጦታው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ስለሆነ ነው፤ ማቴዎስ ቁጥራቸውን አልተናገረም፣ ሕፃኑንም ያገኙት «ወደ ቤት ገብተው» ነው ይላል። ይህ ለልጅ ይከብዳል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዛሬ ያልነገርኩትን ነገ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ራሱ አንብቦ ቢያገኘው፣ «ሌላስ ምን ደብቀውኝ ይሆን?» ብሎ እንደሚጀምር በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሄሮድስን ነገር ግን ለታናሿ «ክፉ ንጉሥ ስለነበረ ወደ ግብፅ ተሰደዱ» ብዬ አልፈዋለሁ፤ ታላቁ ራሱ ያነበዋል።

ጥያቄው ደግሞ አለ። «እግዚአብሔር ከሆነ ለምን ሕፃን ሆነ?» ሲለኝ ምሥጢረ ሥጋዌን በሙሉ ላስረዳው ዳዳኝ። ደግነቱ በዚያው ሳምንት የአክስቱ ሕፃን ልጅ ቤታችን መጥታ ነበር። ሰው በዝቶባት ጠረጴዛ ሥር ገብታ ስታለቅስ ሁላችንም ቆመን «ነይ፣ ነይ» ስንላት የባሰ አለቀሰች። እርሱ በሆዱ ተኝቶ፣ አገጩን ወለሉ ላይ አድርጎ ሥር ገባና አፍንጫዋን ነካት፤ ሳቀች። ያንን አስታወስኩትና «ለምን ተኛህ?» አልኩት። «ቆሜ ትፈራኛለቻ!» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራሁም። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ካላገኛችሁ «አላውቅም፤ አብረን ቄሱን እንጠይቃለን» በሉ። ታናሿ «ኢየሱስ አማርኛ ይችላል?» ብላ የጠየቀችውን ለንስሐ አባታችን አቅርበንላቸው ከልባቸው ስቀው «ማታ ስትጸልዪ በምንድን ነው የምታናግሪው?» ብለዋታል።

4. እግዚአብሔርን ማስፈራሪያ አታድርጉት

የእኔ ጥፋት ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። በጾሙ መሐል ታላቁን፣ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ መጋረጃ ጀርባ ቸኮሌት ሲበላ አገኘሁትና «እኔ ባላይህ ጌታ አይቶሃል፤ አዝኖብሃል» አልኩት። እኛ ስናድግ የሰማነው ሁሉ እንዲህ ያለ ነበር፤ «እግዚአብሔር ይቆጣሃል»፣ «ቄሱ ይመጡልሃል»። ክፉ ያደረግሁ አልመሰለኝም።

በልደት ሌሊት ቄሱ መስቀል ሊያሳልሙ ሲመጡ ልጁ ከኋላዬ ተደበቀ። ብጎትተው ነጠላዬን ጨምድዶ ያዘና በጆሮዬ «ነግረሃቸዋል?» አለኝ። ለአንድ ወር ያህል ያስተማርኩት እረኛ፣ ብርሃን፣ ግርግም ሁሉ ከልቡ ወጥቶ የቀረው ያቺ ቸኮሌት ነበረች። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅርታ የጠየቅሁት ግን ቤት ከገባን በኋላ ስለነበረ ዘገየሁ። መስቀል ሳይሸሽ መሳለም የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጁን መቆጣት ካለባችሁ በራሳችሁ ስም ተቆጡ።

5. ገናውን አብራችሁ ሥሩ

ትምህርቱ በወሬ ብቻ ከቀረ ይሰለቻል። ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዘንግ ካገኛችሁ ቅርፊቱን ልጣችሁ፣ እጀታውን አለስልሳችሁ አንድ ገና ይወጣችኋል። እረኞቹ የምሥራቹን ሲሰሙ በደስታ በዘንጋቸው ተጫወቱ ይባላል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውንም አስተምሯቸው፤ ንጉሡ በበረት ከተወለደ ሌላው ጌታ በምን አፉ ይቆጣል ብዬ ነው የምፈታላቸው። የእንጨቱን ጥንግ ግን ለኮንዶሚኒየም ግቢ አታውጡት። የጨርቅ ኳስ ሥሩ። የጎረቤት መስታወት ከፍዬ ነው የምነግራችሁ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ምሳሌውን የሰማ አይመስልም ነበር።

ድፎው የባለቤቴ ክፍል ነው። ልጆቹ ኮባውን ያጥባሉ፣ ሊጡ ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ። ቤተ ልሔም የእንጀራ ቤት ማለት እንደሆነ የምትነግራቸው ያኔ ነው፤ እኔ ከምናገረው ይልቅ የእርሷ ይያዛል።

ሒሳብ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ስጡት። ከመጋቢት 29፣ ከጽንሰቱ ቀን፣ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቁጠርና ታኅሣሥ 29 ላይ ይድረስ። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ስለሚጨምር ልደት ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ 2016 ላይ እንዲህ ነበር፣ 2020 ላይም ይሆናል። የእኔው ልጅ ይህንን ሲደርስበት ያደረገው ጭፈራ በላሊበላ ለሚዜመው ቤዛ ኩሉ የሚበቃ ነበር።

6. ስለ ገና አባት ሲጠይቁ

አትዋጉት። የሱቁ መስኮት ሁሉ ቀይ ለባሽ ሽማግሌ በሆነበት ከተማ «ውሸት ነው» ብላችሁ አታሸንፉም። ቅዱስ ኒቆላዎስ በአራተኛው መቶ ዘመን የሜራ ጳጳስ እንደነበረ፣ ማጫ ላጡ ሦስት ድሀ ልጃገረዶች በሌሊት ተደብቆ ወርቅ ጣለላቸው እንደሚባል ንገሯቸው። ከዚያ «እኛስ ማንም ሳያየን ለማን እንስጥ?» በሉ። ባለፈው ዓመት ለግቢያችን ዘበኛ ጋቢ ተወስኖ፣ ሁለቱ በር ላይ አስቀምጠው ሲሮጡ ታናሿ ጫማዋን እዚያው ጥላ ስለመጣች ምሥጢሩ ወዲያው ታወቀ።

7. ሌሊቱ

ከቀትር በኋላ አስተኟቸው። ወፍራም ጋቢ ያዙ። ጧፍ በእጃቸው ከሆነ ነጠላቸውን ከኋላ እሰሩት።

ሥርዓቱ ረጅም ነው፤ ልጅ እንዳይጠፋበት አንድ የሚያውቀው ነገር ይዞ ይግባ። እኔ የመላእክቱን ምስጋና በግእዝ አስጠንቻቸዋለሁ፦ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት ወሰላም በምድር»። ቅዳሴው መሐል ሲሰሙት ክንዴን ይጎትታሉ። ጠዋት ደግሞ ከላሊበላ የሚተላለፈውን በቴሌቪዥን እናያለን፤ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ ከዓለቱ ጫፍና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ። ዕለቱ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ የልደት ቀንም መሆኑን ሲሰሙ ኬክ ተቆርሶለት እንደሆነ ጠይቀውኛል።

የልጅ ልጆቻችሁ ባሕር ማዶ ከሆኑ፣ የእኔም ሌሎቹ ሁለቱ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ናቸው፣ የሰዓቱን ልዩነት ተጠቀሙበት። በክረምታቸው ስምንት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። እኛ እኩለ ሌሊት ላይ ስንሆን እነርሱ ዘንድ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ በእነርሱ አቆጣጠር 4 ሰዓት ነው፤ ከትምህርት ቤት ተመልሰዋል። ቅዳሴውን በስልክ አብረውን ያያሉ። በማግሥቱ እደውላለሁ ካላችሁ ግን ልደት እዚያ አገር የሥራ ቀን ስለሆነ የምታገኙት ምሳ ዕቃ የምትቋጥር፣ የቸኮለች እናት ነው።

8. ከቅዳሴ ስትመለሱ

የትም ሳይቀመጡ፣ ጫማ ሳይወልቅ፣ ታናሿ ሕፃኑን ካርቶኑ ውስጥ ታስተኛለች። ይህን ሥራ ለትንሹ ልጅ ስጡት፤ ታላቁ ቢያኮርፍም ያልፍለታል።

ካርቶኑን በማግሥቱ እንዳታነሡት። ሰብአ ሰገል ገና በመንገድ ላይ ናቸው። እኛ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተነሥተው በየቀኑ አንድ ስንዝር ይጓዛሉ፤ እስከ ጥምቀት፣ ጥር 11፣ ይደርሳሉ። ባለፈው ዓመት አንዱ ግመል መንገድ ላይ አንገቱ ተሰብሮ ሁለት ቀን ሙጫ እስኪደርቅለት ሁሉም ቆመው ጠበቁት።