ከማይክሮፎኑ በፊት፦ የዘፈን ደራሲ መታሰቢያ አልበም ለእርዳታ ስታወጡ

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአንድ ታዋቂ ደራሲ ዘፈኖችን እንደገና ሊዘፍኑ፣ ገቢውንም ለሕሙማን ሊሰጡ አስበዋል። «ስቱዲዮ ይዘናል ጋሼ፣ ቅዳሜ እንጀምራለን» አለኝ። «ፈቃዱስ?» ስለው «ለእርዳታ እኮ ነው!» አለ። እኔም ስጀምር ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ለእሱም እንደ እሱ ላሰበ ሁሉ የማውቀውን ልጻፍ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ማታ ማታ ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ሙዚቃ ሚክስ አደርጋለሁ። በ2024 ከጎረቤቶቼና ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የአሜሪካዊውን የሕዝብ ዘፈን ደራሲ የውዲ ጋትሪን 10 ዘፈኖች ቀርጸን 300 ሲዲ አሳተምን። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ገቢው ኢንሹራንስ የሌላቸውን ሰዎች ለሚያክም አንድ ክሊኒክ ነበር። ግማሾቻችን ሐበሻ፣ ግማሾቻችን አሜሪካውያን ነን። ባንጆ ነበረን፤ ማሲንቆም ነበረን።

ደራሲውን ስትመርጡ ዝናውን ብቻ አትዩ። በዘፈኖቹና በምትረዱት ሰው መካከል አንድ ክር ይኑር። በ1990 የወጣውን «ሬድ ሆት ፕላስ ብሉ» የሚባለውን አልበም እንውሰድ። የአሜሪካዊውን የዘፈን ደራሲ የኮል ፖርተርን ዘፈኖች ሰብስቦ ገንዘቡን ለኤድስ ሥራ ያዋለ ነው። ፖርተር የሞተው በ1964፣ የበሽታው ስም ከመሰማቱ በፊት ነው። ግን የጻፈው ስለ ፍቅርና ስለ መለያየት ነው፤ አልበሙ በወጣበት ጊዜ ደግሞ ሰው በየሳምንቱ ወዳጁን ይቀብር ነበር። ዘፋኟ አኒ ሌኖክስ የመሰናበቻ ዘፈኑን ስትዘፍን ቪዲዮውን ሊሠራላት የነበረው ዳይሬክተር ዴሪክ ጃርማን በዚያው በሽታ ታመመ። እሱ በሌለበት፣ በሕፃንነቱ ቤተሰቡ የቀረጸው ፊልም ፊቷ ላይ እየበራ ዘፈነችው። ያንን ያየ ሰው ዘፈኑ ለምን እንደተመረጠ የሚያስረዳው አያስፈልገውም። አልበሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ የፌላ ኩቲም እንዲሁ ነው። ፌላ በ1997 ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተ፤ ቤተሰቡም አልደበቀም። በ2002 ዘፈኖቹ ለዚሁ ትግል በአልበም ወጡ።

እኛም ጋትሪን የመረጥነው በምክንያት ነው። እናቱን የጎዳው የሃንቲንግተን በሽታ፣ ነርቭንና አእምሮን ቀስ በቀስ የሚበላ የዘር ሕመም፣ እሱንም ያዘው። የመጨረሻ ዓመታቱን በሆስፒታል አሳልፎ በ1967 በ55 ዓመቱ አረፈ። ወዳጆቹ በ1968 ኒው ዮርክ፣ በ1970 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ ዘፈኖቹን ዘፈኑለት። ቅጂው በ1972 በሁለት ክፍል ሲወጣ አንዱን ኮሎምቢያ የሚባለው ሸክላ አሳታሚ፣ ሌላውን ተፎካካሪው ዋርነር አሳተመው፤ ገንዘቡም ለዚያው በሽታ ዋለ። በ1988 ደግሞ የእሱና የብሉዝ ዘፋኙ የሌድቤሊ ዘፈኖች በእነ ቦብ ዲላንና ብሩስ ስፕሪንግስቲን ተዘፍነው ሌላ አልበም ወጣ። ያ ገቢ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ የሚባለውን አሳታሚ የሸክላ ክምችት ለገዛበት ወጪ ዋለ። በዚያ ክምችት ውስጥ በ1951 የታተመ የኢትዮጵያ የሕዝብ ሙዚቃም አለ። ይህን ለማሲንቆ ተጫዋቻችን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያማ ዕዳ አለብን» አሉ። ሥራችን የተጀመረው ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዘፈን ሁለት ባለቤት አለው። አንዱ የግጥሙና የዜማው ባለቤት ነው፤ ብዙ ጊዜ በአሳታሚ ድርጅት በኩል ይገኛል። ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ባለቤት ነው። እናንተ ራሳችሁ እንደገና ስትዘፍኑት ሁለተኛውን አትነኩም፤ የመጀመሪያውን ግን የግድ መክፈል አለባችሁ። ለእርዳታ መሆኑ ከክፍያው ነፃ አያወጣም።

ደግነቱ፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ አንዴ ከታተመ በኋላ ሌላው እንደገና ቀርጾ እንዲያወጣው ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። የግዴታ ፈቃድ ይሉታል። ባለቤቱ እንቢ ማለት አይችልም፤ እናንተም የተወሰነውን ሒሳብ አለመክፈል አትችሉም። በ2024 ሒሳቡ ለአንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ 12.4 ሳንቲም ነበር። በየዓመቱ ስለሚከለስ የዘመኑን ተመን እዩ። ዘፈኑ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በ2024 በደቂቃ 2.38 ሳንቲም ነበር፤ የተጀመረ ደቂቃ እንደ ሙሉ ይቆጠራል። ጋትሪ «ቶም ጆድ»ን በ1940 ሲቀርጸው ከርዝመቱ የተነሳ የሸክላውን ሁለት ገጽ ይዞበት ነበር። የእኛም ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ወጣ። ሰባት ደቂቃ ተብሎ ተቆጥሮ 16.66 ሳንቲም ሆነ። ዘጠኙ ዘፈን በ12.4፣ አንዱ በ16.66፤ ለአንድ ሲዲ 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም አካባቢ። ለ300ው ሲዲ 385 ዶላር ገደማ ከፈልን፤ በየዘፈኑ የምትጨመር የአገልግሎት ክፍያም አለች። ከ25 እስከ 2,500 ቅጂ ለሚያሳትም ሰው የዘፈን ፈቃድ የሚሰጠው የሃሪ ፎክስ ኤጀንሲ «ሶንግፋይል» የሚባለው የኢንተርኔት መስኮት ቀላል ነው፤ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ማታ ትጨርሱታላችሁ። ለስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ለሚደመጠው) ግን በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ የደራሲውን ድርሻ የሚያስገቡት መድረኮቹ ራሳቸው ናቸው።

ይህ ፈቃድ የማይሸፍነውን ነገር በደንብ ያዙ። ቪዲዮ አይሸፍንም፤ ለዚያ ከአሳታሚው ጋር መነጋገር ግድ ነው። የዜማውን መሠረት መለወጥ አይሸፍንም። ትርጉምም አይሸፍንም። እኛን የጎዳን ይሄኛው ነው።

ጋትሪ «ዲፖርቲ» የሚባል ዘፈን አለው። ጃንዋሪ 28 ቀን 1948 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎስ ጋቶስ ካንየን አንድ አውሮፕላን ወድቆ 32 ሰው ሞተ። ከእነሱ 28ቱ ወደ ሜክሲኮ የሚመለሱ የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። ጋትሪ ዜናው ሲነገር የሠራተኞቹ ስም አለመጠራቱ፣ ዝም ብሎ «ተባራሪዎች» መባላቸው አንገበገበውና ግጥሙን ጻፈ። ስማቸው በሙሉ መቃብራቸው ላይ የተቀረጸው በ2013 ነው።

ይህን ዘፈን የያዘችው ልጅ አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ቤይሩት ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ታሪኩን ስነግራት «እኔንም በስሜ የጠራኝ አልነበረም» አለች። በሳምንቱ ግጥሙን በአማርኛ መልሳ አመጣችው። ምድር ቤቴ ውስጥ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ዘፈነችው። ማሲንቆው ከኋላዋ ቀስ ብሎ ገባ። ሲያልቅ ቀረጻውን ማቆም ረስቼ ነበር። ቅጂው ላይ አርባ ሰከንድ ያህል ዝምታ አለ።

ያ ቅጂ አልወጣም። ትርጉም የባለቤቱን የተለየ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ያወቅሁት ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ ደግሞ ወራት ይፈልጋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። በእንግሊዝኛ ደግማ ዘፈነችው፤ ጥሩ ሆነ፤ ያኛውን ግን አልሆነም። ስለዚህ ማንም ሰው በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ልዝፈን ካለ፣ ደብዳቤውን ከስድስት ወር በፊት ጻፉ። የዘፈኑን ስም፣ የትርጉሙን ሙሉ ቃል፣ የቅጂውን ብዛትና ገንዘቡ የሚሄድበትን ቦታ በአንድ ገጽ አድርጉት።

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የደራሲዎቹን ስም አጣሩ። የ«ዲፖርቲ» ግጥም የጋትሪ ነው፤ ዜማው ግን ከዓመታት በኋላ ማርቲን ሆፍማን የሚባል መምህር የሠራው ነው። ሁለቱም ስም ሲዲው ላይ መጻፍ አለበት። አንዳንድ ባለመብት ደግሞ በነፃ ሊሰጥ ይችላል። በ2007 አምነስቲ ለዳርፉር የጆን ሌነንን ዘፈኖች በአልበም ሲያወጣ የሌነን ሚስት ዮኮ ኦኖ የዘፈኖቹን ገቢ ለድርጅቱ ሰጥታለች። ጠይቁ፤ በጀቱን ግን እንደምትከፍሉ አድርጋችሁ ያዙ።

ቀጥሎ ከተረጂው ድርጅት ጋር ተፈራረሙ። የድርጅቱን ስም ያለ ፈቃድ ሲዲ ላይ መለጠፍ አይቻልም። «የተጣራው ትርፍ ይሰጣል» የሚል ቃል አልወድም። ምን ከተጣራ በኋላ? የኢንጂነሩ? የፖስታው? የምሳው? እኛ «ከእያንዳንዱ ሲዲ 7 ዶላር» ብለን ጻፍን። ሲዲው 15 ዶላር ነው፤ ገዢውም ድርሻውን ሽፋኑ ላይ ያነባል። የግብሩን ነገርም ገንዘቡ ሳይመጣ ጨርሱት። ሙዚቀኞቹ ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር በ1971 ለባንግላዴሽ ስደተኞች ያዘጋጁት ኮንሰርት የበር ገቢው ቶሎ ደረሰ። ከአልበሙና ከፊልሙ የመጣው ብዙው ገንዘብ ግን የግብሩ ጉዳይ አስቀድሞ ስላልተስተካከለ ለዓመታት ታስሮ ቆየ። ስደተኛው እየተራበ ማለት ነው።

ዘፋኞቹንና ተጫዋቾቹንም አስፈርሙ። ወዳጅ ናቸው ብላችሁ አትለፉ፤ ወዳጅ ስለሆኑ ነው የምታስፈርሙት። ወረቀቱ ያለ ክፍያ እንደሠሩ፣ ቅጂው የማን እንደሆነ፣ ለሌላ ነገር ቢፈለግ ማን እንደሚጠየቅ ይናገር። አንድ ገጽ ይበቃል።

ስለ ጽሑፉ ትንሽ ልበል፤ ይህ ልቤ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ77 ድርቅ ደሴ ልጅ ነበርኩ። እንግሊዝ አገር ዘፋኞች ተሰብስበው ለእኛ ዘፍነው ነበር። ገንዘቡ ሰው አድኗል፤ አመሰግናለሁ። ግን ዘፈኑ እነዚያ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። አያቴ በዚያ ዓመት እንኳ የገናን ጾም አልገደፈችም። ስለዚህ ለሲዲው መግለጫ ስትጽፉ፣ ከመታተሙ በፊት ለሚረዱት ሰዎች አስነብቡ። እኛ ረቂቁን ለክሊኒኩ ታካሚዎች ስናሳይ አንዲት እናት «ምስኪን» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ ሰረዙት። በቦታው «ሠራተኛ» ብለው ጻፉ። እንደዚያው ታተመ።

ቀረጻው ከወረቀቱ ይቀላል። ሁሉም በየቤቱ የሚቀርጽ ከሆነ አንድ ልክ ስጧቸው፦ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርትዝ፣ ዋቭ ፋይል፣ ድምፁ ሳይታመቅ። በዋትስአፕ የተላከ ድምፅ አትቀበሉ። ፋይሉ ላይ የዘፈኑ ስም፣ የዘፋኙ ስምና ቀኑ ይኑር። ማሲንቆ ለምትቀርጹ፣ ማይኩን ደጋኑ ጋ አታስጠጉት፤ ፍትጊያው ብቻ ይመጣል። እኛ ከሳጥኑ ቆዳ ሁለት ስንዝር ያህል አርቀን ትንሽ ዝቅ ስናደርገው ሆዱ ተሰማ። የካቲት ነበር፤ የማሞቂያው ድምፅ ስለገባ አጠፋነው። ያኔ ቆዳው ላላ አለና ሦስት ጊዜ መቃኘት ግድ ሆነ። ጊዜ መድቡለት።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ለትንሽ አልበም ስትሪሚንግ ገንዘብ አያመጣም፤ ለማስተዋወቅ ይሁናችሁ። ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳሉ፤ ገዢው ከዋጋው በላይ መክፈል ስለሚችል ለእርዳታ ይመቻል። የእኛ ብዙው የተሸጠው ግን በእጅ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምግብ ቤት ገንዘብ ተቀባዩ ጋ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባዘጋጀናት ትንሽ ዝግጅት ላይ።

በየሦስት ወሩ ሒሳቡን ለዘፋኞቹ፣ ለክሊኒኩና ስማቸውን ለሰጡን ገዢዎች እንልካለን። ግማሽ ገጽ ናት። የመጨረሻዋ እንዲህ ትላለች፦ የታተመ 300፣ የተሸጠ 214፣ ለክሊኒኩ የገባ 1,498 ዶላር፣ የደራሲዎቹ ክፍያ ለ300ውም ተከፍሏል፣ 86 ሲዲ እኔ ቤት አለ። ከሥር ልጅቷ በእጇ አንድ መስመር ጨምራለች፦ ለአማርኛው ትርጉም የፈቃድ ደብዳቤ ተልኳል፣ ግንቦት 6።