ለአራስ፣ ለሐዘንተኛና ለታማሚ ምግብ ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎረቤት ሲወልድ፣ ሲታመም ወይም ሐዘን ሲደርስበት ምግብ ሠርቶ መሄድ ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስተማረን፣ እናቶቻችን ሲያደርጉት እያየን የወረስነው ልማድ ነው። ሐዘንተኛው ወጥ ቤት ሳይገባ የሚሰነብተው፣ አራሷም ከአልጋዋ ሳትነሣ የምትበላው ይህ ልማድ ስላለ ነው። ነገር ግን በቅን ልብ የተሠራ ምግብ ሁሉ ተቀባዩን ያሳርፋል ማለት አይቻልም፤ አንዳንዱ የሚታጠብ ድስት፣ የሚፈላ ቡና እና የማይበሉትን ምግብ በመቀበል የሚመጣ መሳቀቅ አስከትሎ ይገባል። ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ትልቅ ምግብ እስኪሠራ ድረስ መጠበቅ ነው። ብዙዎቻችን «ሽሮ ይዤ እንዴት እሄዳለሁ» ብለን ዶሮ ወጥ ለመሥራት እናስባለን። ዶሮ ወጥ ግን ዶሮዋን በ12 ብልት አውጥቶ ደጋግሞ ማጠብን፣ ሽንኩርቱንም ለሰዓታት ማቁላላትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ዛሬን ለቅዳሜ፣ ቅዳሜን ለሚቀጥለው ሳምንት እያስተላለፈ በመጨረሻ ሳይሄድ ይቀራል። ሽሮ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ለአራት ሰው የሚሆነውን ለመሥራት ሁለት ራስ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፎ በመጠነኛ እሳት ማቁላላት፣ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት መጨመር፣ ከዚያም አራት ኩባያ ያህል ውኃ አፍልቶ አንድ ኩባያ ሽሮ እየነሰነሱ ሳያቋርጡ ማማሰል ይበቃል። ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬውና ቅመሙ አብሮት ስለተፈጨ ተጨማሪ በርበሬ አያስፈልገውም። ጥንቃቄ የሚሻው ሁለት ነገር ላይ ነው፤ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያህል ካልተንተከተከ የጥሬ ዱቄት ጠረን ይቀረዋል፣ ሲቀዘቅዝም ስለሚጠጥር ለሰው የሚወሰድ ሽሮ ቤት ከሚበላው ቀጠን ብሎ መውረድ አለበት።

ሌላው ስህተት «ምን ላምጣልሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ ይሉኝታ ባለበት ማኅበረሰብ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ኧረ ምንም አልፈልግም፣ አትቸገሪ» ትባላለች ጠያቂዋ፤ ስልኩም በዚሁ ይዘጋል። የተቸገረ ሰው ምግብ መምረጥ ራሱ ይከብደዋል። ይልቁንም «እትዬ፣ ለእራት እየሠራሁ ነው፤ ሽሮ ይሻልዎታል ወይስ ምስር?» ማለት ተጠያቂዋን «እፈልጋለሁ» ከማለት ሐፍረት ያድናታል፤ ምግቡ እንደሚመጣ ስለተቆረጠ የሚቀራት ከሁለቱ አንዱን መጥራት ብቻ ነው።

የቤቱን ሰዎች ጾም፣ ሃይማኖትና ጤና ሳያስቡ ምግብ ማዘጋጀት ብዙዎቻችንን ያሳፈረ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት እናታቸው ላረፉባቸው ጎረቤቴ ቅቤ የገባበት አልጫ ይዤ የሄድኩት ረቡዕ ቀን ነበር። ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ፣ ክዳኑንም ሳይከፍቱ ወደ ጓዳ አስገቡት፤ ያን ዕለት በሐዘናቸው ላይ እኔን ያለማሳፈር ጭንቀት ጨመርኩባቸው። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ምግብ የሚሠራ ሰው ከበዓለ ሃምሳ ውጪ ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚቆየውን ሁዳዴ፣ ኅዳር 15 የሚጀምረውን የነቢያት ጾምና ነሐሴ 1 የሚገባውን ፍልሰታ ማስታወስ ይገባዋል። ክርስቲያን ለሙስሊም፣ ሙስሊምም ለክርስቲያን ጎረቤቱ ሲወስድ ደግሞ ሥጋን ትቶ ጥራጥሬና አትክልት መሥራት፣ ቅቤም ሥጋም ባልነካው ድስት ማብሰል ሁሉንም ከመሳቀቅ ያድናል። በረመዳን ከሆነ ሰዓቱም የምግቡን ያህል ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ከመጥለቋ ትንሽ ቀደም ብሎ የደረሰ ሾርባ ለኢፍጣር ይውላል፣ በቀትር የደረሰው ግን እስከ ማታ ይበላሻል። ታማሚ ከሆነም ስኳር ሕመም ላለበት ሰው ማር የበዛበት አጥሚት፣ የደም ግፊት ላለበትም ጨው የጠነከረ ወጥ ደግነት አይሆንም።

ስለ አራስ ለብቻው የምለው አለኝ። ገንፎ ትኩስ ካልሆነ ገንፎ አይደለም፤ ከቤት ተገንፍቶ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ሲጓዝ ይደርቃል፣ መሐሉ ላይ የፈሰሰውም ቅቤ ይረጋል። ስለዚህ የገብሱን ዱቄት፣ ቅቤውንና በርበሬውን ይዞ ሄዶ እዚያው አራሷ ቤት ማገንፋት ይሻላል፤ የአጃ አጥሚት ግን በፔርሙስ ሙቀቱን ጠብቆ ይደርሳል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ከገባን በኋላ በፍጹም ልንርቀው የሚገባው ስህተት የመጣውን ማር ወይም ቅቤ ጨቅላውን ማቃመስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠቡ ይመክራል፤ ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል በምንም መንገድ አይሰጥም። ይህን ለሚያቃምሱት አያት በአክብሮት መንገር ያስፈራል፤ ቢሆንም መነገር አለበት።

አያያዝም ምግብን ያበላሻል። ትኩስ እንጀራን በፌስታል ማፈን በራሱ ላብ እንዲረጥብና በቶሎ እንዲሻግት ያደርገዋል፤ በሰፌድ ላይ ከቀዘቀዘ በኋላ መጠቅለል አለበት። ወጥም ከምድጃ ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ መቆየት የለበትም፤ ማቀዝቀዣ ገብቶ የቆየውም ሲበላ እንዲያው ለብ ማለቱ ሳይሆን እንደገና መፍላቱ ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ዕቃው ደግሞ ብዙ ሰው አያስብም። በእኛ ዘንድ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ እንጀራም ሆነ ቆሎ አንድ ነገር ተደርጎበት ነው። ይህ ያማረ ልማድ ነው፣ ለአራስና ለሐዘንተኛ ግን ዕዳ ይሆናል። የአሥር ጎረቤት ድስትና ሳህን የተደረደረበት ቤት የማን የማን እንደሆነ ለመለየት፣ አጥቦ ለመመለስ፣ ባዶውንም ላለመስደድ ሲጨነቅ ይሰነብታል። መልሰው የማይፈልጉትን ዕቃ መጠቀምና «ዕቃውን እዚያው ይጠቀሙበት» ብሎ በግልጽ መናገር፣ ካልሆነም በሁለተኛው ቀን ራስ ሄዶ መሰብሰብ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ምግቡን አድርሶ ሰዓታት መቀመጥም አለ። ባለቤቲቱ ደክሟት እንኳ «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» ማለቷ አይቀርም፤ እንግዳው እሺ ካለ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ያመጣላትን ዕረፍት መልሶ ይወስድባታል። መቀመጥ ካስፈለገ ቡናውን የሚያፈላው፣ ስኒውንም አጥቦ የሚሄደው ጠያቂው ይሁን።

በታማሚ አልጋ አጠገብ ደግሞ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያሉ ማጉረስ የተለመደ ነው። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ይሁንና ያቅለሸለሸው ሰው በይሉኝታ የዋጠውን እንግዳው ሲወጣ ያስመልሰዋል። ምግቡን በሚያየውና በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሁላችንም በመጀመሪያው ቀን መሄዳችን ነው። በለቅሶ ቤት እስከ ሠልስት ድረስ የዕድሩ ድንኳን ሙሉ ነው፣ ንፍሮውም ወጡም ይተርፋል፣ የተረፈውም ይበላሻል። ድንኳኑ ሲነቀልና ዘመድ ወደየቤቱ ሲመለስ ብቻዋን የቀረች ሴት ለአንድ ሰው ድስት መጣድ ያስጠላታል፤ ያን ሳምንት ደግሞ በሯን የሚያንኳኳ የለም። አራስ ቤትም እንዲሁ ነው፤ እናቷ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ባለቤቷም ሥራ ሲገባ ነው ምሳ መብላት የምትረሳው። ጎረቤታሞች ተነጋግረው ቀን ቢከፋፈሉ፣ አንዷ ማክሰኞን፣ ሌላዋ ሐሙስን ብትይዝ፣ ማንም ሳይደክም ወር ሙሉ ማዳረስ ይቻላል። የሚነጋገሩት ሰው የሌላቸው ደግሞ ከለቅሶው ሲመለሱ 12ኛውን ቀን በስልካቸው ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ ያን ምሽት ለራሳቸው ከሚሠሩት ሽሮ ላይ ሁለት ጭልፋ ጨምረው፣ በሦስት እንጀራ፣ አንኳኩተው ያድርሱ።