የጅማን መልክ የሚያጠፉ የፎቶ ኤዲት ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ለሰርግና ለምረቃ ብቻ ሳይሆን ለራሱ ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት አለ። አንዱ የቡና ለቀማን ይከታተላል፣ ሌላው ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያነሳል፣ ሌላው ደግሞ የጣሊያን ጊዜ ሕንጻዎችን። ማንሳቱ ላይ ጎበዞች ናቸው። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ማታ፣ ኤዲት ሲጀመር ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማስዋብ ነው። የራሳችሁ ፕሮጀክት ከሆነ ፎቶዎቹ አብረው ነው የሚታዩት። አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ጥቁርና ነጭ ከሆነ የተለያየ ሰው ያነሳቸው ይመስላሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ቢያምርም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም አሳንሳችሁ አንድ ስክሪን ላይ ደርድሯቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አውጡ። ይሄ ያማል፣ ግን ግማሹ ሥራ እሱ ነው። ከዚያ አንዱን ፎቶ መሪ አድርጋችሁ በደንብ ሥሩት። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ኤዲት ፕሮግራም ላይ የእሱን ማስተካከያ ኮፒ አድርጎ ለሌሎቹ መስጠት ይቻላል። በፀሐይና በጥላ የተነሱት አንድ ዓይነት ብርሃን ስለሌላቸው ግን ብርሃኑንና ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ሚዛን) ለየብቻ አስተካክሉ።

ሌላው አረንጓዴውን መጨመር ነው። ጅማ ዝናብ የማይጠፋባት አገር ናት፤ አረንጓዴው ሲፈጠርም በቂ ነው። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ሲገፋ ቅጠሉ ፕላስቲክ ይመስላል። ደግሞ ቡና የሚበቅለው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። እዚያ የሚደርሰው ብርሃን ቅጠሉን አልፎ ስለሚመጣ ፊት ላይ አረንጓዴ ይጥላል፤ ለቃሚዋ የታመመች ትመስላለች። ከውጭ የወረደ ፊልተር ይህን አያስተካክልም፤ የሠራው ሰው ጅማን አያውቃትም። ዋይት ባላንስ ውስጥ ቲንት የሚባለውን ትንሽ ወደ ሮዝ ውሰዱት። ቀጥሎ አረንጓዴውን ብቻ ለይታችሁ ቀንሱ። ቀዩ የቡና እሸት ያኔ ራሱ ብቅ ይላል።

ፊት ማንጣትማ ይቅር። ስልኮች ሳይጠየቁ ቆዳ የሚያለሰልሱበት ጊዜ ላይ ነን፣ መጀመሪያ ሴቲንጉን አጥፉት። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚጠርቡ አባት የፊታቸው መስመር ከተጠረገ ምን ቀረ? ፊት የሚጨልመው ብዙ ጊዜ ከኋላ ነጭ ሰማይ ስላለ ነው። ካሜራው ሰማዩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል። ሙሉውን ፎቶ ከማብራት ይልቅ ፊቱን ብቻ መርጣችሁ በጥቂቱ አብሩት። ስናፕሲድ በሚባለው የስልክ አፕ ላይም ይህን መሥራት ይቻላል።

ሰማይ መቀየር የብዙዎች ፈተና ነው። ቤተ መንግሥቱን በደመና ቀን አንስቶ ከአፕ ላይ የተገኘ ጀምበር መጥለቂያ መለጠፍ ቀላል ነው። በደመና ቀን ግን ጥላ የለም። ከበረንዳው ሥር ጥላ ሳይኖር ከጣሪያው በላይ ፀሐይ ካለች፣ ያየው ሰው ምክንያቱን ባያውቅም አያምናችሁም። ሆን ብላችሁ የተለያዩ ፎቶዎችን አጣምራችሁ ምናባዊ ነገር የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ነው፤ ያኔ ፈጠራ መሆኑ በግልጽ ይታይ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙ ንጉሥ ናቸው፤ ቤታቸውን ታሪክ ነው ብሎ እያቀረቡ መቀየር ግን እኔ አልወደውም። ክላሪቲ (የነገሮችን ጠርዝና ዝርዝር የሚያጎላው ማስተካከያ) ሲበዛም በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል፤ ያንን ካያችሁ መልሱ።

ፋይሉን መናቅም አለ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል አስልኩት። ጄፔግ (የተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) ተኤዲቶ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ዋናውን ሳትነኩ ኮፒው ላይ ሥሩ። ካሜራችሁ ራው (ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጥበት ፋይል) ካለው ተጠቀሙበት። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፣ ባለ 14 ቢት ራው 16,384። የጨለመ ጥግ ስታበሩ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ለማሳተም ካሰባችሁ ክሮፕ (የፎቶውን ጠርዝ መቁረጥ) ላይ ቆጥቡ። 30 በ40 ሴንቲሜትር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማውጣት 3,543 በ4,724 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍታችሁም አትሥሩ፤ ስክሪኑ ላይ የደመቀው ወረቀት ላይ ይጨልማል። ፎቶ ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ አንዷን በትንሹ አሳትማችሁ ቀን ብርሃን ላይ እዩዋት። ከጨለመች ሁሉንም በዚያው ልክ ከፍ አድርጋችሁ ተመለሱ።