የአሌክስ ራይትን ታሪክ ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥቁር የቆዳ ጃኬት የደረበ ረጅም ወጣት በቴክኖ ሙዚቃ ታጅቦ ይመጣል። ገመዱን አልፎ መድረኩ መካከል ሲቆም ወገቡን እየሰበቀ ይጨፍራል። ከተመልካቹ ግማሹ ያጨበጭብለታል፤ ግማሹ ይጮህበታል። በ1990ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደብልዩ ሲ ደብልዩ የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት የሬስሊንግ ውድድር የተከታተለ ሰው አሌክስ ራይትን የሚያስታውሰው በዚህ ጭፈራ ነው። ቀጥሎ የሚሰማው ፍርድም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ተስፋ የተጣለበት ልጅ ነበር፤ ግን የትም አልደረሰም።» ይህን በሰማሁ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም። ከፍርዱ በስተጀርባ ብዙ ስህተት ተደራርቧል።

«ጀርመናዊ» የተባለውን ሁሉ ጀርመናዊ አድርጎ መውሰድ

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ስለሆነ ከዚህ እጀምራለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሬስሊንግ አዘጋጆች ገና ሲታይ የሚጠላ ሰው ፈለጉ። ብዙ ማብራሪያ የማያስፈልገው ክፉ ሰው ደግሞ ጀርመናዊው ነበር። ጥቁር ቦት ጫማ፣ የወታደር አረማመድ፣ «ፎን» የሚል የባላባት ስም ከተሰጠው አዳራሹ ራሱ ይጮህበታል፤ ትኬቱም ይሸጣል። ይህን ሚና የተጫወቱት ግን ባብዛኛው ጀርመንን በትውልድ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ፍሪትዝ ፎን ኤሪክ የቴክሳሱ ጃክ አድኪሰን ነበር። ባሮን ፎን ራሽኬ የኔብራስካ ሰው ነው። ሃንስ ሽሚት ደግሞ የካናዳዋ ኩቤክ ልጅ፣ ጋይ ላሮዝ ነው። እኔም እነዚህን ሰዎች ለብዙ ጊዜ ጀርመናውያን አድርጌ ስቆጥራቸው ኖሬያለሁ።

አሌክስ ራይት ግን ግንቦት 17 ቀን 1975 ኑረንበርግ ከተማ የተወለደ እውነተኛ ጀርመናዊ ነው። አሜሪካ ሲደርስ ደግሞ የወታደር አረማመድም ጥላቻም ይዞ አልመጣም፤ ፈገግ እያለ ጨፈረ። «ዳስ ቩንደርኪንት»፣ ተአምረኛው ልጅ፣ አሉት። ለብዙ ዓመታት ጀርመናዊን መጥላት ብቻ ለተማረ ተመልካች የሚወደድ ጀርመናዊ ማቅረብ ትልቅ ነገር ነበር። ከእሱ በፊት የነበረውን ያላወቀ ሰው በዚያ ጭፈራ ውስጥ ከጭፈራ በቀር የሚያየው ነገር የለም።

በዛሬዎቹም ተፋላሚዎች ላይ ስህተቱ ይደገማል። ጉንተር የቪየና ልጅ ነው፤ ኦስትሪያዊ። ኢልያ ድራጉኖቭ የተወለደው ሞስኮ ነው። ሉድቪግ ካይዘር ግን በእርግጥም ከሃምቡርግ አጠገብ ካለችው ፒኔበርግ የወጣ ጀርመናዊ ሲሆን አባቱ አክስል ዲተርም በዚሁ ሙያ የታወቀ ነበር።

ታሪኩን ከአሜሪካ መጀመር

የራይትን ታሪክ ደብልዩ ሲ ደብልዩን ከተቀላቀለበት ከ1994 የሚጀምር ሰው መጽሐፉን ከመካከሉ ገልጦ እንደሚያነብ ነው። አባቱ ስቲቭ ራይት ከእንግሊዟ ዋሪንግተን ወጥቶ ጀርመን የከተመ ተፋላሚ ነበር፤ በ1982 ጃፓን ሄዶ የመጀመሪያው ታይገር ማስክ ከሚባለው ጭምብል ለባሽ ጃፓናዊ ተፋላሚ ጋር ተጋጥሟል። ልጁ ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው። በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ሲወጣ 16 ዓመቱ ነበር።

የወጣበት ባህል ደግሞ የራሱ ስም አለው። ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን «ካች» ይሉታል። እንደ አሜሪካው ቡድን ዛሬ አንድ ከተማ፣ ነገ ሌላ ከተማ የሚዞር አልነበረም። ተፋላሚዎቹ ሃኖቨር፣ ብሬመን፣ ግራትስ ወይም ቪየና ላይ ለሳምንታት ሰፍረው በየምሽቱ እዚያው ቦታ ይጋጠማሉ፤ ፍልሚያው እንደ ቦክስ በዙር ይከፈላል። ኦስትሪያዊው ኦቶ ቫንዝ የመራው ድርጅት ይህን ሥርዓት ለዓመታት ይዞ ቆይቷል። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሕዝብ ፊት የሚቀርብ ሰው የትናንቱን ዛሬ ሊደግም አይችልም። ስለዚህ መያዝና መፍታት፣ ክንድ ጠምዝዞ ማውጣት፣ ትንፋሽ ቆጥቦ መጨረስ ይማራል። ራይት አሜሪካ ሲደርስ በዕድሜ ልጅ ቢሆንም በእጁ ልጅ ያልነበረው ለዚህ ነው።

«ውጤቱ የታወቀ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው» ማለት

አሸናፊው አስቀድሞ መወሰኑ እውነት ነው። ወለሉ ግን ይህን አያውቅም። መድረኩ በብረት ላይ የተረበረበ ጣውላ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ ስፖንጅና ሸራ አለ። ጀርባውን ለዚያ ወለል የሚሰጥ ሰው በአየር ላይ እያለ አገጩን ደረቱ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ይህን ከረሳ ቀድሞ የሚመታው ማጅራቱ ነው። ከዚያ የላይኛው ጀርባው በሙሉ እኩል ይነካል፤ ሁለቱ ክንዶች መዳፍ ወደ ታች ሆኖ በዚያው ቅጽበት ወለሉን ይመታሉ፤ ኃይሉ አንድ አጥንት ላይ እንዳያርፍ ነው። ትንፋሽም በዚያው ይወጣል። ታምቆ ከተያዘ ደረት ይዘጋል። ይህ አንዱ ውድቀት ነው። በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ እንደሚወድቁ ቁጠሩ፤ ከዚያ በዓመቱ ምሽቶች አባዙት።

ጡንቻ ብቻውን ለዚህ እንደማይበቃ ሌላ ጀርመናዊ ያሳየናል። የቨርደር ብሬመንና የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ የነበረው ቲም ቪዘ ኳስ ካቆመ በኋላ ሰውነቱን አግዝፎ ኅዳር 2016 ሙኒክ ላይ ደብልዩ ደብልዩ ኢ በሚባለው የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት መድረክ ወጣ። ከተፋላሚዎቹ ከሴሳሮና ከሼመስ ጋር ሆኖ አሸነፈ። አዳራሹም በደስታ ተቀበለው። ነገር ግን ያ ምሽት ሙያ ሆኖ አልቀጠለም። ራይት በ16 ዓመቱ የጀመረውን ሌላው ከ30 በኋላ ሊደርስበት አይችልም።

ቀበቶ መቁጠር

በ1997 ራይት ክሪስ ጄሪኮን አሸንፎ የቀላል ክብደት ሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሶ አስረከበ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ከኡልቲሞ ድራጎን «ቴሌቪዥን» የሚባለውን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደ፤ አንድ ወር ያህል ይዞት ቆየ። በቀን ከተቆጠረ ትንሽ ነው። ግን ቀበቶ የሚሰጠው ድርጅቱ ነው። የተፋላሚው ችሎታ የሚለካው ከፊቱ ያለውን ሰው ምን ያህል አጉልቶ እንዳወጣው ነው። በ1995 ከብራያን ፒልማን ጋር ያደረገውን የሰኔ ወር ግጥሚያ ፈልጋችሁ ተመልከቱ፤ እኔ ከቀበቶዎቹ ሁሉ ያንን እመርጣለሁ።

የቤርሊንን ውድቀት በእሱ ላይ መጣል

በ1999 ሁለተኛ አጋማሽ ራይት በአዲስ ስም ተመለሰ፦ ቤርሊን። ጸጉሩ ከግራና ከቀኝ ተላጭቶ መሐሉ ብቻ ቀርቷል፤ ልብሱ ጥቁር ረጅም ካፖርት ነው፤ ጭፈራ የለም። እንግሊዝኛ አልናገርም ብሎ በአስተርጓሚ ያወራል። ጠባቂው «ዘ ዎል» ይባላል፤ ግንቡ ማለት ነው። የሁለቱ ስም ሲገጠም የበርሊን ግንብ መሆኑ ነው። ግንቡ በ1989 ሲፈርስ ራይት የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያደገውም በምዕራቡ ጀርመን ነው። የእሱ ያልሆነን የቀዝቃዛው ጦርነት ጥላ፣ ያውም ግንቡ ከፈረሰ ከ10 ዓመት በኋላ፣ አሸከሙት።

በመስከረም ወር ትልቅ ዝግጅት ላይ ያቆሙት የአሜሪካን ባንዲራ እያውለበለበ ከሚጮኸው ጂም ዱጋን ፊት ነው። አሸነፈ። ግን ሥዕሉን አስተውሉት፦ ባንዲራ የያዘ አሜሪካዊና ጥቁር የለበሰ ክፉ ጀርመናዊ። ከአርባ ዓመት በፊት ለሃንስ ሽሚት የተሰፋው ልብስ ነው። በቀጣዩ ወር በብራድ አርምስትሮንግ ተሸነፈ፤ ገጸ ባሕርይውም ብዙ ሳይቆይ ተተወ። እንዲያውም ጊዜው ራሱ ከፍቶበት ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ኮሎምባይን ትምህርት ቤት ውስጥ የደረሰው ጭፍጨፋ ጥቁር ረጅም ካፖርትን ለአሜሪካውያን የሐዘን ምልክት አድርጎት ስለነበር የቤርሊን መምጣት ዘግይቷል።

ይህን ሁሉ «ራይት አልቻለም» ብሎ ማጠቃለል ግፍ ነው። የ24 ዓመቱ ወጣት የተሰጠውን ሚና ሳያጓድል ተጫውቷል። ያረጀው ሐሳቡ ነበር። አምስት ዓመት በፈገግታና በጭፈራ ያፈረሰውን የክፉ ጀርመናዊ ምስል በራሱ ጫንቃ መልሰው ገነቡት። በሙያ ዘመኑ ከደረሰበት ሁሉ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ከየትኛውም ሽንፈት ይልቅ።

በ2001 አበቃለት ማለት

ከቤርሊን በኋላ ወደ ራሱ ስም ተመልሶ ዲስኮ ኢንፌርኖ ከሚባል ተፋላሚ ጋር ተጣምሮ ተጋጥሟል። መጋቢት 2001 ግን ድርጅቱ ለተቀናቃኙ ተሸጠና በሩ ተዘጋ። አሌክስ ራይት ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር። አብዛኛው ሰው ሙያውን በሚጀምርበት ዕድሜ የእሱ የአሜሪካ ዘመን አለቀ፤ ብዙ ተራኪዎችም እዚህ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ።

እሱ ግን ወደ ኑረንበርግ ተመለሰ፤ «ዘ ራይት ስታፍ» የሚባል የሬስሊንግ ትምህርት ቤት ከፈተ። የጀርመን ሬስሊንግም ከካች ዘመን ማብቂያ በኋላ እንደገና እየተነሣ ነበር፤ በ2000 ኤሰን ላይ የተመሠረተው ደብልዩ ኤክስ ደብልዩ የተባለ ድርጅት በ2006 «16 ካራት ጎልድ» የሚባለውን ውድድር ጀምሮ ከመላው አውሮፓ ተፋላሚዎችን መሳብ ቻለ። ኑረንበርግ ውስጥ ደግሞ ከአባቱ የተማረው ሰው በተራው ለጀማሪዎች አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እንዲወድቁ ያስተምር ነበር።