አሮጌ ፒክአፕ አንዳንዴ ብቻ ሲንቀጠቀጥ፦ ችግሩን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

መኪናው ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ጤነኛ ይሆናል። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶት ይመለስና «ምንም የለውም» ይላል። ከጅማ ወጥተው ሰርቦ ከተማ ሳይደርሱ መንቀጥቀጡ ይመጣል። ጅማ ውስጥ የቆየ ሃይሉክስ የያዘ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለው ንዝረት የሚመጣበት ምክንያት አለው። ፍጥነት፣ ጭነት፣ ፍሬን ወይም ጭቃ ሊሆን ይችላል። ያንን ሳያውቁ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

መጀመሪያ መቼ እንደሚመጣ ይያዙ

ለጥቂት ቀናት አብሮዎት የሚሄደው ሰው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ፍጥነቱ ስንት ነበር? መኪናው ባዶ ነው ወይስ ጭኗል? ዳገት ላይ ነው? ፍሬን ሲይዙ ነው? ዝናብ ዘንቦ ነበር? የተሰማውስ መሪው ላይ ነው ወይስ ወንበሩ ላይ? ይህች ወረቀት ከማንኛውም መፍቻ ትበልጣለች።

ጭቃውን ያስለቅቁ

ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል። በክረምት ወደ ገጠር ቀበሌ ገብቶ የወጣ መኪና የጅማን ቀይ ጭቃ በቸርኬው (ጎማው በሚታሰርበት ብረት) ውስጠኛ በኩል ይዞ ይመጣል። ጭቃው ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ያኔ ጎማው በአንድ ጎኑ ይከብድና ፍጥነት ሲጨምሩ መሪው ይርገበገባል። ጭቃው በራሱ ጊዜ ሲረግፍ ንዝረቱም ይጠፋል። «አንዳንዴ» የሚያሰኘው ይህ ነው።

መኪና አጣቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥቡት የሚታየውን ፊት ነው። ውሃው በውስጥ በኩል እንዲገባ ይጠይቁ፤ የደረቀውን በእንጨት ይፋቁት። ካርዳኑ (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደው ረጅም ዘንግ) ላይ የተለጠፈም ካለ አብሮ ይውረድ። ከዚያ እንደገና ነድተው ይዩት።

እግረ መንገድዎን የጎማ ዳዶዎቹን ሁሉ ያጥብቁ። በዙሪያ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን ነው የሚጠበቀው። በቅርቡ ጎሚስታ ጋ ሄደው ከነበረ ደግሞ ይህን ሳያደርጉ ምንም አይሞክሩ። የላላ ዳዶ ጎማ ያስወልቃል።

ሞተሩ ነው ወይስ የሚሽከረከረው?

መኪናውን አቁመው፣ በዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይስጡ። ቆሞም ከተንቀጠቀጠ ነገሩ ሞተሩ ጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያረጀ የሞተር መቀመጫ ጎማ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ሲሊንደር በደንብ አይሠራም።

ቆሞ ሰላም ከሆነ ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ይፈልጉ። ንዝረቱ በሚመጣበት ፍጥነት ላይ እያሉ ነዳጁን ለቀው ፍሪሲዮን ይርገጡ። ሞተሩ ዝቅ ብሎም ንዝረቱ ከቀጠለ ከጎማ ወይም ከካርዳን ነው። ነዳጅ ሲለቁ ወዲያው ከጠፋ ደግሞ ሞተሩን ወይም ኃይል ሲያርፍበት የሚንቀጠቀጥ ካርዳንን ይጠርጥሩ። ቁልፉን ግን በፍጹም አያጥፉ፤ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ለዚህ ሙከራ የግቤን ቁልቁለት የሚመርጥ ሰው እንደማይኖር ተስፋ አለኝ።

ጎማዎቹ

መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማ፣ ወንበርና ወለሉ ከተንቀጠቀጠ የኋላ ጎማ ወይም ካርዳን ነው። ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ የተጣመመ ዲስክ ወይም ታምቡር ያስቡ። ከ80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ የሚመጣ ብዙውን ጊዜ የባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል ያለመሆን ችግር ነው። በ30 እና በ40 ግራ ቀኝ የሚያወዛውዝ ግን ውስጡ የተላቀቀ ጎማ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ሊሆን ይችላል።

መዳፍዎን ጎማው ላይ እያሳለፉ ያበጠ ቦታ ይፈልጉ። ያበጠ ካለ ሙከራው እዚያው ያብቃና ጎማው ይቀየር። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም ያንብቡ፤ 3516 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና አዲስ ቢመስልም ጎማ በዕድሜው ያረጃል።

ጥርጣሬው ካልለየለት የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ ያዛውሩ። ንዝረቱም አብሮ ከተዛወረ ተገኘ ማለት ነው።

ካርዳኑ

ብዙ የቆዩ ፒክአፖች ካርዳናቸው ሁለት ቁራጭ ነው፤ መሐሉን በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ (ዘንጉ በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚይዘው ቀለበት) ይይዘዋል። ቡና በጆንያ ሲጫን ባሌስትራው (የኋላውን ክብደት የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) ይወርድና የካርዳኑ ማዕዘን ይለወጣል። ስለዚህ ሲነሱ በአንደኛ ማርሽ ይንዘፈዘፋል፣ ጭነቱ ሲወርድ ዝም ይላል። ጋራዥ የሚሄደው ደግሞ ባዶውን ነው! መካኒኩ ላይ አይፍረዱ።

ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ሞተር ያጥፉ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይደግፉ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አይግቡ። ክሮቼራውን፣ ማለትም የካርዳኑን መስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ብረቶች ይዘው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይጠምዝዙት። ክሮቼራው ራሱ ከተንቃቃ ወይም ጫፉ ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ ግራሶ አጥቶ አልቋል። ቀጥሎ ካርዳኑን መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉት፤ ኩሽኔታውን ያቀፈው ጎማ ከተሰነጠቀ በጣም ይወዛወዛል።

የሚፈታ ከሆነ መገጣጠሚያዎቹ ላይ አስቀድሞ በቀለም ምልክት ይደረግ። ዞሮ ከተገጠመ አዲስ ክሮቼራ አስገብተውም ንዝረቱ ይብሳል። ይህን መካኒኩን ለማስታወስ አይፈሩ።

በዚህ ሁሉ ካልተገኘ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጋራዥ ይሂዱ። ንዝረቱ ሲጫን የሚመጣ ከሆነ ጆንያዎቹን ሳያወርዱ ይሂዱ፣ መካኒኩንም ከጎንዎ አስቀምጠው ራስዎ ይንዱ።